ስለ ፈረስና ስለ ጋላቢው ኀላፊነት

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1892 ዓ.ም. በጥቅምት ወር የጀርመን መኰንኖች ከበርሊን ወደ ቪየና፥ የኦስትሪያና የሀንጋሪ መኰንኖች ደግሞ ከቪየና ወደ በርሊን በፈረስ ተሽቀዳደሙ። መንገዱ 580 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፥ ኦስትሪያዊው ኮንት ሽታርሄምበርግ 3 ቀን ሳይሞላ ፈጽሞ አሸነፈ። ነገር ግን ብዙ ፈረሶች በድካም ስለ ሞቱ የድሉ ደስታ ወደ ወቀሳ ተለወጠ። ዋናው ክብር ለፈጠነው ሰው ነበርና፥ ዋጋውን የከፈለው እንስሳው ሆነ።

ከዚያ ወዲህ የውድድሩ ሚዛን ቀስ በቀስ ተሻሻለ። በ1955 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ በተጀመረው የቴቪስ ዋንጫ፥ 160 ኪሎ ሜትር የሚሆነው የተራራ መንገድ በ24 ሰዓት ውስጥ ይፈጸማል፤ ሆኖም የእንስሳት ሐኪሞች በየጣቢያው ፈረሱን ይመረምራሉ። የሚያነክሰው ወይም የልቡ ትርታ ዐርፎ ያልሰከነለት ፈረስ፥ ምንም ፈጣን ቢሆን ከውድድሩ ይወጣል። ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮም ቀድመው ከሚገቡት 10 ፈረሶች መካከል በአካሉ ደኅና ሆኖ ለተገኘው የሃጊን ዋንጫ ይሰጣል።

ይሁን እንጂ ሐኪሙ በጣቢያ እንጂ በጐዳና አይገኝም። ፈረስም ታዛዥ ስለ ሆነ፥ ደከመኝ ሳይል እስኪወድቅ ይሮጣል። ስለዚህ በጣቢያና በጣቢያ መካከል የፈረሱ ዳኛ፥ ልጓሙን የጨበጠው ሰው ብቻ ነው።