የጁባ ወደብ በተዘጋ ጊዜ፦ ሥራ ማጣትና ትምህርት

የወደብ ከተማ ኑሮ የቆመው በመንገድ መከፈት ነው። መንገዱ ሲዘጋ ከሁሉ አስቀድሞ የሚቸገረው የዕለት ጉርሱን በዕለት ሥራው የሚያገኝ ሰው ነው። እንዲህ ባለው ጊዜ ለሥራ ፈቱ ዘወትር የሚሰጠው ምክር፦ «ጊዜህን ለትምህርት አውለው፤ መንገዱ ሲከፈት ይጠቅምሃል» የሚል ነው። ምክሩ እውነት ነውን? የደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ የሆነችው የጁባ ታሪክ ለዚህ ጥያቄ መልስ አለው፤ ጉዳዩም መምህራንን በቀጥታ የሚመለከት ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጁባ በነጭ ዓባይ ምዕራባዊ ዳርቻ በ1920ዎቹ ዓመታት በእንግሊዞች አስተዳደር ዘመን የተቆረቆረች ከተማ ናት። ከከተማዋ በስተደቡብ ወንዙ አለትና ፏፏቴ ስለሚበዛበት መርከብ አያልፍም። ስለዚህ በሱዳን ካለው ከኮስቲ ወደብ ተነሥቶ ከ1,400 ኪሎ ሜትር በላይ የሚጓዘው መርከብ የመጨረሻ ማረፊያው ጁባ ሆነች። በወደቡም ዙሪያ ሸክም ተሸካሚው፣ ጸሐፊው፣ ዘበኛውና ነጋዴው እንጀራቸውን አገኙ።

ከ1955 ጀምሮ የነበረው የመጀመሪያው ጦርነት በ1972 በአዲስ አበባ በተፈረመው ስምምነት በቆመ ጊዜ፣ ጁባ የራስ ገዝ አስተዳደር መቀመጫ ሆነች። በ1975 የጁባ ዩኒቨርሲቲ ተቋቋመ፤ በ1977ም ማስተማር ጀመረ። ይሁን እንጂ ሰላሙ ከዐሥራ አንድ ዓመት አላለፈም። በ1983 ጦርነቱ እንደገና ተነሣ፤ የወንዙም መንገድ ተቋረጠ። ጁባ የመንግሥት ጦር የሰፈረባት፣ በዙሪያዋ ግን ዐማፅያን የከበቧት ከተማ ሆነች። ምግብና ዕቃ የሚደርሳት በአውሮፕላን ወይም አልፎ አልፎ ጦር በሚጠብቃቸው ጀልባዎች ነበር። በ1989 ዩኒቨርሲቲው ወደ ካርቱም ተዛወረ። በ1992 ውጊያው ከራሷ ከከተማዋ ውስጥ ገባ።

በዚህ ረጅም መዘጋት ውስጥ በከተማዋ የቀረው ወጣት መማር የሚችለው ያገኘውን ነበር፤ ያገኘውም ትምህርት በብዛት በዐረብኛ የሚሰጥ ነበር፤ ዐረብኛ የመንግሥቱ ቋንቋ ነበርና። በዚያው ዘመን ወደ ኡጋንዳ የተሰደዱት፣ እንዲሁም በኬንያ በ1992 በተቋቋመው በካኩማ የስደተኞች ሰፈር የነበሩት፣ በእንግሊዝኛ ይማሩ ነበር። ሁለቱም ወገኖች በችግር ውስጥ ተምረዋል፤ ከሁለቱ አንዱ ሰነፍ ነበረ ማለት አይቻልም።

በጥር ወር 2005 የሰላም ስምምነት ተፈረመና መንገዱ ተከፈተ። የተከፈተው ግን በፊት ወደ ነበረው የሥራ ገበያ አልነበረም። በዚያው ዓመት በወጣው ጊዜያዊ ሕገ መንግሥት እንግሊዝኛና ዐረብኛ የሥራ ቋንቋዎች ሆኑ፤ ነጻነት በታወጀበት በ2011 ደግሞ እንግሊዝኛ ብቻውን የመንግሥት ቋንቋ ሆነ። አዲሶቹ መሥሪያ ቤቶችና የርዳታ ድርጅቶች እንግሊዝኛ የሚያውቅ ጸሐፊና ሒሳብ ያዥ ፈለጉ። በዐረብኛ የተማረው ሰው፣ መምህሩም ጭምር፣ ጠጕሩ ከሸበተ በኋላ እንደገና ከተማሪ ወንበር ላይ ተቀመጠ። የእጅ ሥራም እንደዚሁ ነበር፤ በግንባታ፣ በሆቴልና በንግድ በኩል የተገኘውን ሥራ ኬንያውያን፣ ኡጋንዳውያንና ኢትዮጵያውያን እየመጡ ያዙት። ከ2006 ጀምሮ በጃፓን መንግሥት ርዳታ በጁባ አናጢነትን፣ የመኪና ጥገናንና የኤሌክትሪክ ሥራን የመሰለ ሞያ ለማስተማር የተደረገው ጥረት ይህን ጉድለት ለመሙላት የታሰበ ነው።

ይሁን እንጂ በመዘጋቱ ዘመን የተገኘው ትምህርት ከንቱ አልቀረም። በዐረብኛ ሒሳብን የተማረ ሰው የሚጐድለው የስሌቱ ስም እንጂ ስሌቱ አይደለም፤ ከነጭራሹ ያልተማረው ግን ስሙም ስሌቱም ይጐድለዋል።

በ2020 ጁባ በሌላ ምክንያት ተዘጋች። በመጋቢት ወር የኮሮና ወረርሽኝን ለመከላከል ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ በሌሊት መንቀሳቀስም ተከለከለ። በሚያዝያ መጀመሪያ በአገሩ የመጀመሪያው በሽተኛ ተገኘ። ትምህርቱ በራዲዮ እንዲሰጥ ተደረገ፤ ፈተና የሚጠብቃቸው ክፍሎች በጥቅምት ወር ተመለሱ፤ የቀሩት ሁሉ የተመለሱት በግንቦት 2021 ነው። በኢትዮጵያም በዚያው መጋቢት ትምህርት ቤቶች ተዘግተው በራዲዮና በቴሌቪዥን ማስተማር ተሞክሯል። ራዲዮ በብዙ ቤት ይገባል፤ ነገር ግን ተማሪው ያልገባውን መልሶ ሊጠይቀው አይችልም። መልስ የሚሰጠው መምህር ደግሞ በደቡብ ሱዳን በብዙ ስፍራ ደመወዙ የማይበቃው ወይም የዘገየበት ሆኖ ሌላ ሥራ ፍለጋ ሄዶ ነበር።

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ መንገድ ሲከፈት ገበያው ምን እንደሚጠይቅ አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው የለም። ስለዚህ በመዘጋት ጊዜ አስቀድሞ ሊሰጥ የሚገባው ትምህርት በየትኛውም በር ይዞ የሚያልፉት ነው፤ ይኸውም በደንብ ማንበብና መጻፍ፣ ሒሳብ፣ ተጨማሪ ቋንቋና የእጅ ሞያ ነው። ሁለተኛ፣ ሥራ ፈቱን «ተማር» ብሎ መምከር ብቻ በቂ አይደለም። ትምህርቱን የሚሰጠው መምህር ቤቱ ሲራብ፣ የተማረውንም ሰው ዕውቀት የሚመሰክርለት ወረቀት ሲጠፋ፣ ምክሩ ባዶ ቃል ሆኖ ይቀራል። የትምህርት ሹማምንት የመምህሩን ደመወዝ በክፉ ቀን ቢጠብቁ፣ በክፉ ቀን የተማረውንም ሰው ፈትነው ምስክር ቢሰጡት፣ በሩ በተከፈተ ዕለት ከደጁ የሚቀር ወጣት ቍጥር ያንሳል።