ጅብን በአፍ የማጉረስ ደስታ፦ ሰው ፍርሃትን ፈልጎ ለምን ይሄዳል?

ምሽት ነው። ከሐረር ጀጎል ግንብ ውጭ ጅቦች ከጨለማው እየወጡ ይሰበሰባሉ። መጋቢያቸው በየስማቸው ይጠራቸዋል። ተራውን ሲጠብቅ የቆየው እንግዳም ይንበረከክና ሥጋ የተንጠለጠለበትን አጭር እንጨት በጥርሱ ይነክሳል። አጥንት የሚያደቅ መንጋጋ ከፊቱ በስንዝር ርቀት ሲከፈት ልቡ ይደልቃል፤ መዳፉ ያልበዋል። ጅቡ ሥጋውን ነጥቆ ሲሄድ ግን ያ እንግዳ ይስቃል። ለዚህች ቅጽበት ገንዘብ ከፍሏል፤ "አንዴ ልድገም" የሚልም አይታጣም።

በዚያው ሌሊት፣ በሌላ የገጠር ቀበሌ፣ አንድ አርሶ አደር የጅብ ድምፅ ሰምቶ ከመኝታው ይነሳል። የበረቱ አጥር የሳሳበትን ቦታ ያውቀዋል፤ በረቱ ውስጥ ደግሞ ገና ያልጠናች ጥጃ አለች። የእርሱም ልብ ይደልቃል፤ የእርሱም መዳፍ ያልበዋል። እርሱ ግን አይስቅም።

ጅቡ ያው ጅብ ነው፤ የሁለቱ ሰዎች የሰውነት ምላሽም ያው ነው። አንዱን አስደስቶ ሌላውን ያስጨነቀው ምን እንደኾነ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ለረጅም ጊዜ ሲያጠኑት ኖረዋል።

አደጋ ሲታይ ወይም ሲሰማ አሚግዳላ የተባለች ትንሽ የአንጎል ክፍል ፈጥና ትነቃለች። ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎች አድሬናሊን ወደ ደም ይለቃሉ። ልብ ይፈጥናል፣ ጉበት ስኳር ይለቃል፣ ደም ወደ ጡንቻ ይገፋል፣ አፍ ይደርቃል፤ የምግብ መፈጨት ይቀዘቅዛል። አሜሪካዊው የሥነ አካል ሊቅ ዋልተር ካነን እ.ኤ.አ. በ1915 ባሳተመው መጽሐፍ ይህንን ለመፋለም ወይም ለመሸሽ የሚደረግ ዝግጅት አድርጎ አብራርቶታል።

ነገር ግን ልብ የሚፈጥነው በፍርሃት ብቻ አይደለም። በሠርግ ጭፈራ፣ በጉግስ ፉክክር፣ የናፈቁትን ሰው በር ላይ ሲያዩትም ይፈጥናል። ሰውነት የሚናገረው "አንድ ነገር አለ" ብቻ ነው፤ ነገሩ ደስታ ይኹን ሥጋት የሚተረጉመው አእምሮ ነው የሚለውን ሐሳብ ስታንሊ ሻክተር እና ጀሮም ሲንገር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1962 ፈትነውታል። ለተሳታፊዎች አድሬናሊን ወግተው ምን እንደሚያደርጋቸው ሳይነግሯቸው ከፊሎቹን ከደስተኛ ሰው ጋር፣ ከፊሎቹን ደግሞ ከተቆጣ ሰው ጋር አስቀመጧቸው። ተሳታፊዎቹ ወደ አጠገባቸው ሰው ስሜት አዘነበሉ። ሙከራውን በኋላ የደገሙት ሁሉ ተመሳሳይ ውጤት አላገኙም፤ ዋናው ሐሳብ ግን ዛሬም ክብደት አለው።

ዶልፍ ዚልማን የተባለው ተመራማሪ በዚህ ላይ ሌላ ነጥብ ጨምሯል። የፈጠነ ልብ አደጋው ሲያልፍ ወዲያው አይረጋም። ሥጋት ሄዶ መነቃቃቱ ይቀራል፤ ያ ትርፍ መነቃቃት ከእፎይታው ጋር ተደምሮ ደስታውን ከተለመደው በላይ ያገዝፈዋል። የሐረሩ እንግዳ ሳቅ እንዲያ የጎላውም ለዚህ ይመስላል።

እፎይታ ብቻውን ግን በቂ ማብራሪያ አይኾንም። በዓባይ ወንዝ ላይ፣ በሰባራ ድልድይ፣ ገበያተኞች በገመድ ተጎትተው የሚሻገሩበት ዘመን ነበር። ወዲያ ማዶ ሲደርሱ እፎይ ይሉ ይኾናል፤ ተመልሶ ለመዝናናት የሚሻገር ግን አልነበረም። ልዩነቱ ፈቃድ ነው። ገበያተኛው ከመሻገር ሌላ ምርጫ የለውም፤ የሐረሩ እንግዳ ግን እንጨቱን ጥሎ መነሳት ይችላል።

ፖል ሮዚን የተባለው የፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ሊቅ ወደዚህ ጉዳይ የገባው በበርበሬ በኩል ነው። በርበሬ ውስጥ ያለው ካፕሳይሲን የሚነካው ምላስ ላይ ትኩሳትን የሚለየውን ተቀባይ ነው፤ ስለዚህ አንጎል "አፌ ተቃጠለ" ብሎ ይጮሃል፣ የተቃጠለ ነገር ግን የለም። ሮዚን በሜክሲኮ የገጠር መንደር ባደረገው ጥናት ሰዎቹ ይህን ማቃጠል ወድደውታል፤ በርበሬ ያለበትን ትርፍራፊ ሲበሉ የኖሩት ውሾችና አሳማዎች ግን ምርጫ ሲሰጣቸው ወደማያቃጥለው ሄዱ። ሰው አካሉ "አደጋ" ሲለው አእምሮው "ውሸት ነው" ማለቱን ይወድዳል፤ ሮዚን ይህን ጉዳት የሌለው ራስን የማሠቃየት ደስታ ብሎታል። ሚጥሚጣ በክትፎ ላይ ነስንሶ ዐይኑ እያነባ "ጨምርልኝ" የሚል ሰው ባለበት አገር ይህ ብዙ ማስረዳት አይፈልግም።

መጠኑስ? በዴንማርክ የኦርሁስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ቫይለ ከተማ አቅራቢያ ለማስፈራት ታስቦ በተሰናዳ ቤት ውስጥ 110 ሰዎችን የልብ ምት መለኪያ አስረው አሳለፏቸው። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2020 ታትሟል። በጣም ጥቂት የፈሩት ሰለቹ፤ እጅግ የፈሩት ተጨነቁ፤ የተደሰቱት መካከለኛው ላይ ያሉት ናቸው። ጨው በወጥ ላይ እንደሚኾነው ማለት ነው፤ የአንዱ ልክ ደግሞ ለሌላው ይበዛበታል።

ይህ ዝንባሌ ለምን ኖረ ለሚለው ጥያቄ አንዱ ምላሽ ልምምድ ነው። ጥጃ በመንገዱ ላይ ያልለመደውን ጆንያ ሲያይ ቀረብ ብሎ ያሸታል፣ ደንግጦ ይሮጣል፣ ከዚያ ይመለሳል። በምሥራቅ አፍሪካ ሜዳዎችም የሜዳ ፍየሎች አቦሸማኔን ሲያዩ ሁልጊዜ አይሸሹም፤ አንዳንዴ ወደ እርሱ ቀርበው ይመለከቱታል። አደጋን ከልኩ ርቀት ማየት ያስተምራል። አያት በምድጃ ዳር የምታወራው የጭራቅ ተረትም ከዚህ ወገን ነው። ሕፃኑ ጋቢ ውስጥ ተሸጉጦ፣ ጀርባውን ለአያቱ ደግፎ ይሰማዋል፤ ጭራቁ የትም ቢመጣ ወደዚያ ጋቢ አይገባም።

ቤተሰብ ሊለየው የሚገባ ነገር ያለውም እዚህ ላይ ነው። ሕፃን እንዲተኛ ወይም እንዲታዘዝ "ጅብ መጣልህ!" ብሎ ማስፈራራት ከተረቱ ጋር አንድ ይመስላል፤ አይደለም። በተረቱ ሕፃኑ "ይብቃኝ" ማለት ይችላል፤ በማስፈራሪያው ግን መውጫው ተዘግቶበታል፤ የዘጋበትም መጠጊያው የኾነው ሰው ነው። በድብብቆሽ ጨዋታ ደንግጦ የሳቀና "ድገመኝ" ያለ ልጅ እየተጫወተ ነው። ዝም ያለ፣ ልብስ የሙጥኝ ብሎ የያዘ፣ ከዚያ ወዲህ ብቻውን ደጅ መውጣት የተወ ልጅ ግን ከልክ አልፎበታል።

በእውነተኛ አደጋ ውስጥ ላለፉ ሰዎችም ነገሩ የተለየ ነው። የተኩስ ድምፅ ቤቱ ደጃፍ ድረስ መጥቶበት የሚያውቅ ሰው ርችት ሲፈነዳ ወይም ከኋላው በቀልድ ሲያስደነግጡት አእምሮው "ውሸት ነው" ለማለት ጊዜ አያገኝም። ቀልዱ ለቀላጁ እንጂ ለእርሱ ቀልድ አይደለም። የልብ ሕመም ያለበትንም ሰው ማስደንገጥ እንዲሁ የሚቀለድበት ጉዳይ አይደለም።

ጅቦቹን የሚመግበው ሐረሬ ደግሞ ከሁለቱም ወገን የለም። ሐረሮች "ዋራባ" የሚሉት ጅብ በግንቡ ላይ መግቢያ ቀዳዳ የተሰጠው፣ በዓሹራ ዕለትም ቅቤ የጠገበ ገንፎ የሚቀርብለት የቆየ ጎረቤት ነው። ፍርሃት በተደጋገመ ቁጥር ይደበዝዛል። እንግዳው እየተንቀጠቀጠ እንጨቱን ሲነክስ መጋቢው ከጎኑ ተቀምጦ ቅርጫቱ ውስጥ የቀረውን ሥጋ ይቆጥራል።