የጥቢ መዝገብ

ከክረምት ቀጥሎ ያለውን ወቅት ምን ብለን እንደምንጠራው እንኳ ገና አልተስማማንም። የዘመን አቆጣጠር የሚያውቁ የቤተ ክርስቲያን አባቶች ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለውን መፀው ይሉታል። ገበሬው ጥቢ ይላል። ለትምህርት ቤት መጽሐፍ መኸር ነው። አበባ ያየ ሁሉ ደግሞ፣ ጋዜጠኛም ዘፋኝም ሳይቀር፣ ጸደይ ብሎት ቁጭ ይላል፤ ጸደይ ግን የሚገባው መጋቢት 26 ነው። ከሐረር ግንብ ውጭ ያለው የኦሮሞ ገበሬ «ቢራ» ብሎ ይገላገላል። ስሙ እንዲህ ያከራከረ ወቅት ጠባዩማ እንዴት አያከራክር!

ክርክሩን ለመስማት ሐረር ላይ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ኅዳር ላይ ድንገት ዝናብ ከጣለ ፈረስ መጋላ አካባቢ ሻይ ቤት ገብቶ መቀመጥ ነው። «ኅዳር እንዲህ ዘንቦ አያውቅም፤ ዘመኑ ተበላሽቷል» ይላል አንዱ። «ኧረ ድሮም ይዘንብ ነበር፤ አባቴ ሲያወሩ ሰምቻለሁ» ይላል ሌላው። ሦስተኛው መሐል ገብቶ ሁለቱንም ያስማማል፤ ነገሩ በሽምግልና ያልቃል። ዝናብ ግን በሽምግልና የሚያልቅ ጉዳይ አይደለም። ወይ ዘንቧል፣ ወይ አልዘነበም።

የጨዋታ ማሟሻም አይደለም። የሐረር ቡና በጥቅምት መለቀም ሲጀምር እንደ ታጠበ ቡና በውሃ አይፈለፈልም፤ ከነገለፈቱ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ነው የሚደርቀው። የተሰጣ ቡና ላይ ሦስት ቀን ዝናብ ቢወርድበት ሻጋታው ዋጋውን ይዞት ይሄዳል። ማሽላውም በዚያው ሰሞን ይታጨዳል፣ ይከመራል። ጫት በአንጻሩ ዝናብ ሲያገኝ ያቆጠቁጣል። ያው አንድ ዝናብ ለአንዱ ማሳ ሲሳይ፣ ለጎረቤቱ አውድማ ጥፋት ነው። «ዘንድሮ ጥቢው ጥሩ ነበር» ሲባል እንግዲህ ለማን ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

የሐረር ጥቢ ለምን እንዲህ ዐመለኛ ሆነ? ከተማዋ የተቀመጠችው በሁለት ዝናብ ድንበር ላይ ስለሆነች ነው። ክረምቱ መስከረም ላይ ወደ ደቡብ ማፈግፈግ ሲጀምር፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ የሶማሌ ቆላ «ደይር» የሚለውን ሁለተኛ ዝናቡን ይጠብቃል። ይህ ዝናብ እርጥበቱን የሚቀዳው ከሕንድ ውቅያኖስ ነው። ሐረር ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሆና፣ ክረምቱን ከኋላ እየሸኘች ደይርን በሩቁ ታያለች። ኤል ኒኞ የሚባለው የሰላማዊ ውቅያኖስ ሙቀት ሲነሣ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ክረምቱን ያደክምና ጥቢውን በደቡብና በምሥራቅ ያበረታዋል። በ1990 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ላይ በደቡብና በደቡብ ምሥራቅ ኢትዮጵያ ያለ ወቅቱ የወረደው ዶፍ የዚህ ውጤት ነበር። በ2007 ዓ.ም. ክረምት ምሥራቁን ያነደደው ድርቅም ከዚሁ ከኤል ኒኞ ጋር የመጣ ነው።

ሐረር ደግሞ መጻፍ የማታውቅ ከተማ አይደለችም። ቁርአንና ኪታብ ስትገለብጥ፣ ስትጠርዝ የኖረች ናት። ዝናቧን ግን እንዴት ጻፈችው? ግንቡን ያሠራው አሚር ኑር እ.ኤ.አ. በ1559 ከአፄ ገላውዴዎስ ጋር ተዋግቶ ድል አድርጎ ሲመለስ የጠበቀው ጦርነት፣ ረሀብና ወረርሽኝ ነው፤ ራሱንም በ1560ዎቹ መጨረሻ የገደለው ወረርሽኙ ነው። በዐረብኛ የተጻፈው የዘመኑ ዜና መዋዕል ያንን ረሀብ የሚነግረን በእህል፣ በጨውና በከብት ዋጋ ነው። ዋጋው ጣራ ነክቷል፤ ስለዚህ ተጻፈ። ዋጋው ደኅና የነበረበት ዓመት ግን አልተጻፈም። የዜና መዋዕል ጠባዩ ይኸው ነው፤ ክፉውን ቀን እንጂ ደጉን አይቆጥርም።

ከዚያ በኋላ የመጡት ጻፎች እንግዶች ናቸው። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ. በጥር 1855 ሐረር ገብቶ ዐሥር ቀን ሰነበተ። በ1856 ባሳተመው መጽሐፉ መጨረሻ የጉዞውን ወራት የአየር ጠባይ ልኬት አባሪ አድርጎ ጨምሯል። ጥሩ ልማድ ነው፤ ግን ዐሥር ቀን የከተማን ጠባይ አይነግርም። ፈረንሳዊው አርተር ራምቦ ከ1880 እስከ 1891 ባሉት ዓመታት መሐል ሐረር እየተመላለሰ ኖረ። የሥነ ጽሑፍ ሰዎች ስለ እሱ ሲነሣ ግጥም ለምን ተወ እያልን እንከራከራለን። ሰውየው ግን በ1881 መጀመሪያ ከሐረር በጻፈው ደብዳቤ የሚጠይቀው ስለ ሳይንስ መሣሪያዎች ካታሎግ ነው፤ የአየር ጠባይ መለኪያም ከዝርዝሩ ውስጥ አለ። የደረሰን ግን የዝናብ ሠንጠረዥ ሳይሆን እሮሮ የሞላበት ደብዳቤ ነው። እግሩ ታምሞ በቃሬዛ ከሐረር የወጣው እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 7 ቀን 1891 ነበር። በማግስቱ ከሲራራው ተነጥሎ፣ መጠለያ አጥቶ 16 ሰዓት ዝናብ እንደ ወረደበት ለቤተሰቡ ጽፏል። እንግዲህ በዚያ ዓመት በሐረርጌ የበልግ ዝናብ መጣሉን የምናውቀው አንድ በሽተኛ ገጣሚ ስለ በሰበሰበት ነው። በሽተኛው ባያልፍ ኖሮ ዝናቡም አብሮ ባለፈ ነበር።

ሐረሪዎች ትንበያ የላቸውም ማለት አይደለም። በዐሹራ ሌሊት በቅቤ የተለወሰ ገንፎ ለጅብ ይቀርባል፤ ልማዱ የተጀመረው በአንድ ታላቅ ረሀብ ዘመን ነው ይባላል። ጅቡ ከግማሽ በላይ ከበላ መጪው ዓመት ደግ ነው። ካልቀመሰ ወይም ጠርጎ ከላሰው ግን ያስፈራል። ያማረ ልማድ ነው፤ ውስጡ ያለው የረሀብ ትዝታ ነውና ሊሳቅበት አይገባም። ነገር ግን ዐሹራ በጨረቃ ዓመት የሚቆጠር ስለሆነ በየዓመቱ ወደ 11 ቀን እየቀደመ ወቅቶቹን ሁሉ ይዞራል፤ አንዴ ክረምት፣ አንዴ ጥቢ ላይ ይውላል። ገንፎው ስለሚመጣው ይናገራል፤ ያለፈውን ግን አይመዘግብም።

መዝገብ ሲኖር ምን እንደሚጠቅም የሐረማያ ሐይቅ አሳይቶናል። ለዓመታት ሐረርን ውሃ ሲያጠጣ የኖረው ሐይቅ በ1997 ዓ.ም. ገደማ ደረቀ። ከተማዋም ከድሬዳዋ አካባቢ ውሃ በቧንቧ ወደ ላይ እስኪገፋላት ድረስ በጄሪካን ኖረች። ያኔ ሁሉም ምክንያት ነበረው፤ አንዱ ዝናቡን፣ አንዱ የጫትና የአትክልት መስኖውን፣ አንዱ ከተራራው የሚታጠበውን ደለል ይከስስ ነበር። ተመራማሪዎች ጥያቄውን በቁጥር ሊይዙት የቻሉት በ1950 ዓ.ም. የተመረቀው የዓለማያ እርሻ ኮሌጅ፣ የዛሬው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ፣ እዚያው አፍንጫ ሥር ሆኖ ዝናብ ይለካ ስለነበር ነው። የሚያስገርመው ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ውሃው ወደ ሐይቁ ተመልሶ ታየ። የተመለሰው ለምን እንደሆነ ለመናገርም ያው ቁጥር ያስፈልጋል።

«ይኼማ የመንግሥት ሥራ ነው» የሚል አይጠፋም። መንግሥት በታኅሣሥ 1973 ዓ.ም. የሚቲዎሮሎጂ አገልግሎትን በአዋጅ አቋቁሟል፤ ዛሬ ኢንስቲትዩት ተብሏል። ግን አንድ ጣቢያ ስንት ተራራ ያያል? ድሬዳዋ ከሐረር 50 ኪሎ ሜትር ቢርቅ ነው፤ ከፍታው ግን በ700 ሜትር ያህል ይወርዳል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ 29 ለ30 ሌሊት ድሬዳዋ ላይ ከ250 ሰው በላይ የጨረሰው ጎርፍ ከደጋው የወረደ ነው። ዝናብ በአንዱ ጉብታ ወርዶ ሌላውን ሳይነካ ያልፋል። ይህን ክፍተት ሌላው ዓለም የሞላው በተራ ሰው ነው። ኮሪያ እ.ኤ.አ. በ1441 የንጉሥ ሴጆንግ መንግሥት የዝናብ መለኪያ አሠርቶ በየአውራጃው አደለ። በእንግሊዝ ጆርጅ ሲሞንስ የተባለ ሰው በ1860 ቄሱን፣ ሐኪሙንና ባለ ርስቱን በደብዳቤ እየለመነ በየጓሯቸው ዝናብ አስለካ፤ በ1900 ሲሞት ለካዮቹ ከ3,000 በላይ ደርሰው ነበር።

የሚያስፈልገው ዕቃ እኮ ብዙ አይደለም። አፉና ታቹ እኩል የሆነ ቆርቆሮ፣ ማስመሪያ፣ ደብተር። ከግድግዳና ከዛፍ ራቅ ያለ ቦታ፤ የጁገል ግቢ ጠባብ ስለሆነ ይኼኛው ትንሽ ያስቸግራል። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ አይቶ መጻፍ፣ ውሃውን መድፋት። አንድ ሚሊ ሜትር ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውሃ ማለት ነው። ሕፃን ልጅ ይችለዋል፤ የሚከብደው ሳይሰለቹ ሠላሳ ዓመት መቀጠሉ ነው። አያት ጀምሮት የልጅ ልጅ የሚጨርሰው ሥራ ነው፤ ኪታብም ቢሆን እንዲያ እየተወረሰ ነው ዛሬ የደረሰው።

አንድ ነገር ብቻ እንዳይረሳ። ዜና መዋዕል የዘለለው፣ እንግዳም ሳያየው ያለፈው ያ ምንም ያልሆነበት ቀን ነው። በጓሮ ደብተር ላይ ግን ያልዘነበበት ቀንም ይጻፋል፦ ኅዳር 9፣ ዜሮ። ኅዳር 10፣ ዜሮ። ሻይ ቤት ውስጥ «ድሮ ኅዳር አይዘንብም ነበር» የሚለው ሰው እውነቱን ይሁን አይሁን የሚለይለት በእነዚያ ዜሮዎች ነው።