የሕንፃዎች የኢነርጂ ምስክር ወረቀትና የገምጋሚዎች የሙያ ብቃት

በአማራ ክልል ሰሜን ሸዋ ዞን የመርሃቤቴ ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው ዓለም ከተማ፣ በጀርመን ባቫሪያ ግዛት ከምትገኘው ፋተርሽቴተን ጋር እ.ኤ.አ. ከ1994 አንስቶ የእህትማማችነት ግንኙነት አላት። በፋተርሽቴተን ቤቱን የሚሸጥ ወይም የሚያከራይ ሰው የሕንፃውን የኢነርጂ ምስክር ወረቀት ለገዢው ወይም ለተከራዩ የማሳየት ግዴታ አለበት። በዓለም ከተማ በሽያጭም ሆነ በኪራይ ውል ላይ እንዲህ ያለ ሰነድ አይጠየቅም።

ምስክር ወረቀቱ አንድ ሕንፃ በዓመት ለእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ወለል ምን ያህል ኪሎዋት ሰዓት ኢነርጂ እንደሚፈልግ ወይም እንደሚጠቀም የሚገልጽ ሰነድ ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጣው መመሪያ አባል አገራት ሰነዱን ሥራ ላይ እንዲያውሉ ያስገደደ ሲሆን፣ የአገልግሎት ዘመኑም ከ10 ዓመት እንዳይበልጥ ወስኗል።

በጀርመን ሁለት ዓይነት ምስክር ወረቀት አለ። አንደኛው የግድግዳውን፣ የጣሪያውን፣ የመስኮቱንና የማሞቂያውን ሁኔታ በማስላት የሚዘጋጅ በመሆኑ የመሐንዲስ ዕውቀት ይጠይቃል። ሁለተኛው የሦስት ዓመት የፍጆታ ሒሳብን መሠረት ያደርጋል። ሁለተኛው ቀላልና ርካሽ ቢሆንም ጉድለት አለው፤ ቤቱ ብዙ ጊዜ ተዘግቶ የቆየ እንደሆነ መጥፎ ሕንፃ ጥሩ መስሎ ሊታይ ይችላል።

የሰነዱ ተአማኒነት በዋነኛነት የሚወሰነው በገምጋሚው ነው። የ2002ቱ መመሪያ ግምገማው ብቃት ባላቸውና ገለልተኛ በሆኑ ባለሙያዎች እንዲከናወን ደንግጓል። በእንግሊዝ ገምጋሚው መንግሥት ዕውቅና በሰጠው ማኅበር መመዝገብ የሚጠበቅበት ሲሆን፣ ማኅበሩም ከሥራዎቹ በናሙና እየወሰደ ይፈትሻል። ይህ አሠራር በኢትዮጵያ የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ዘርፍ እንግዳ አይደለም። ሠልጣኙ በተለምዶ ሲኦሲ እየተባለ በሚጠራው የብቃት ምዘና የሚፈተነው ካሠለጠነው ኮሌጅ ነፃ በሆነ አካል እንዲሆን የተደረገው በዚሁ ምክንያት ነው።

ከአፍሪካ ደቡብ አፍሪካ ተጠቃሽ ናት። አገሪቱ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2020 ባወጣችው ደንብ ከ1 ሺህ ካሬ ሜትር በላይ ስፋት ያላቸው የመንግሥት፣ ከ2 ሺህ ካሬ ሜትር በላይ የሆኑ የግል ቢሮዎች፣ ትምህርት ቤቶችና መዝናኛዎች ምስክር ወረቀቱን በመግቢያቸው ላይ እንዲለጥፉ አዛለች። ሰነዱን የሚሰጡት በብሔራዊ የአክሬዲቴሽን አካል ዕውቅና ያገኙ ተቋማት ብቻ ናቸው። እነዚህ ተቋማት በወቅቱ ጥቂት የነበሩ ሲሆን፣ የሁለት ዓመቱ የጊዜ ገደብ በሦስት ዓመት ተራዝሟል።

በኢትዮጵያ የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 የሕንፃ ሹምን ሥልጣን በመዘርዘር፣ ሕዝብ የሚገለገልባቸውን ሕንፃዎች በሚያካትተው ምድብ ሐ ለሚገኙ ሕንፃዎች የመጠቀሚያ ፈቃድ እንዲሰጥ ደንግጓል። ዋነኛ ትኩረቱ ግን የሕንፃው ደኅንነት እንጂ የፍጆታው መጠን አልነበረም። ፍጆታውን የሚመለከተው የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 ሲሆን፣ የኢነርጂ ብቃትና ቁጠባን በሕግ ማዕቀፍ ውስጥ አስገብቷል። የኤሌክትሪክ ሥራ ባለሙያዎችም የብቃት ማረጋገጫ ሳይኖራቸው እንዳይሠሩ የሚደረግበት ሥርዓት አለ። የሁለቱ ሕጎች መገናኛ የሚሆነው ሕንፃን የሚመዝን ባለሙያ ነው።

የአውሮፓን መለኪያ እንዳለ መገልበጥ ግን አያዋጣም። በዚያ ትልቁ ወጪ የክረምት ማሞቂያ ነው። ከጀማ ሸለቆ በላይ በምትገኘው ደጋማዋ ዓለም ከተማ ቢሮዎች ዋናው ፍጆታ መብራት፣ ኮምፒዩተርና የሻይ ውኃ ማፍያ ሲሆን፣ በመኖሪያ ቤት 3 ሺህ 500 ዋት ገደማ የሚስበው የኤሌክትሪክ ምጣድ ይቀድማል። በማገዶ የሚጋገረው እንጀራ ደግሞ በቆጣሪ ላይ ከቶ አይታይም። ሌት ተቀን የሚሠራውን የከተማዋን እናት ሆስፒታል በቀን ስምንት ሰዓት ከሚከፈት ጽሕፈት ቤት ጋር በአንድ ሚዛን ማስቀመጥም ፍትሐዊ አይሆንም። ደረጃው በሕንፃው የአገልግሎት ዓይነት ተለይቶ መውጣት ይኖርበታል።

ጉዳዩ በጀትንም ይነካል። ከመስከረም 2017 ዓ.ም ጀምሮ የኤሌክትሪክ ታሪፍ በአራት ዓመታት ውስጥ በየሩብ ዓመቱ እንዲሻሻል መደረጉ ይታወሳል። ለሥራ ማስኬጃ የተያዘ ገንዘብ ለቢል በዋለ ቁጥር ለመድኃኒትም ሆነ ለመማሪያ መጽሐፍ የሚተርፈው ያንሳል።

ሕግ እስኪወጣ ድረስ በፍጆታ ላይ የተመሠረተውን ስሌት ማንኛውም ጽሕፈት ቤት በራሱ ሊሠራው ይችላል። ለምሳሌ 400 ካሬ ሜትር ወለል ያለው ቢሮ በሦስት ዓመት 36 ሺህ ኪሎዋት ሰዓት ቢጠቀም፣ የዓመቱ አማካይ 12 ሺህ፣ ለአንድ ካሬ ሜትር ደግሞ 30 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። ስሌቱ ይፋዊ ምስክር ወረቀትን አይተካም፤ ሆኖም በአንድ ወረዳ ያሉ ተመሳሳይ ቢሮዎችን ለማነጻጸር ይበቃል። ለዚህም የ36 ወር ቢሎችና የወለሉ ስፋት በአንድ ፋይል መገኘት አለባቸው። ሁለትና ሦስት ጽሕፈት ቤቶች በአንድ ቆጣሪ በሚጠቀሙበት ግቢ ደግሞ ሥራው የሚጀምረው ቆጣሪውን በመለየት ነው።