ሸን፦ በልብ የሚያድር ልቡና

የቻይና ባህላዊ ሐኪም በሽተኛ ሲቀርብለት የእጁን ትርታ ከመዳሰሱ፣ ምላስህን አውጣ ከማለቱም በፊት ዓይኑን ያያል። የሚፈልገው «ሸን» የሚባለውን ነው። ዓይኑ ጥርት ያለ፣ አነጋገሩ የተያያዘ፣ ለጠየቁት የሚመልስ ከሆነ ሸን አለው ይባላል፤ ሕመሙ ቢጠናም ተስፋ አለ ማለት ነው። ዓይኑ ከፈዘዘ፣ ንግግሩ ከተዘባረቀ፣ ሲጠሩትም ዞር ካላለ ግን ሸን ጠፍቷል። ያኔ ሌላው ምልክት ሁሉ ደህና ቢመስል እንኳ ሐኪሙ ይሰጋል።

ይህን ቃል በአማርኛ «ልቡና» ብንለው ይሻላል እላለሁ። «አእምሮ» የዛሬን አንባቢ ወደ ጭንቅላት ይወስደዋል፤ የሸን ማደሪያ ደግሞ ልብ ነው። «መንፈስ» ይቀርባል፤ በቻይንኛም ያው ፊደል ከሕክምና ውጭ አማልክት ይጠሩበታል። ዳሩ ግን እኛ ዘንድ መንፈስ ከበሽታ ጋር ሲነሳ ዛርና ጸበል ትዝ ይላሉ፤ የቻይናው ሐኪም ከበሽተኛው የሚያስወጣው መንፈስ የለውም፤ የሚፈልገው ሸን እንዳይወጣ ነው። ልቡና ከልብ የወጣ ቃል ነው፤ ንቃትን፣ ማስተዋልን፣ ራስን መግዛትን አንድ ላይ ይይዛል። «ልቡን ሳተ»፣ «ወደ ልቡናው ተመለሰ» ስንል ከሸን ብዙም አንርቅም። አንድ ጉድለት አለው፤ «ልቡና ይስጥህ» የምንለው ሰው የጎደለው ብዙውን ጊዜ ደግነት ወይም ጨዋነት ነው። ሸን ግን የምግባር ሚዛን አይደለም፤ ክፉ ሰውም ሸኑ የሞላ ሊሆን ይችላል።

ዋናው ምንጭ «ህዋንግዲ ኔይጂንግ» ነው፤ የቢጫው ንጉሠ ነገሥት የውስጥ መጽሐፍ እንደማለት። ከክርስቶስ ልደት በፊት በነበሩት የመጨረሻ ሁለት ምእተ ዓመታት ግድም እንደተጠናቀረ ይታመናል፤ ሱዌንና ሊንግሹ የሚባሉ ሁለት ክፍሎች ሲኖሩት እያንዳንዳቸው 81 ምዕራፍ አላቸው። መጽሐፉ የሰውን ገላ በቤተ መንግሥት ሹማምንት ይመስለዋል። ልብ ንጉሥ ነው፤ ልቡናም የሚመነጨው ከእርሱ ነው። ጉበት የጦር አዛዥ፣ ሐሞት ደግሞ ውሳኔ ሰጪ ናቸው። ፈሪውን «ሐሞተ ቢስ» ለሚል አማርኛ ተናጋሪ ይህ አዲስ አይሆንበትም፤ ቻይናውያንም እስከ ዛሬ ፈሪን «ሐሞቱ ትንሽ» ይሉታል።

በሰፊው ሲታይ የልቡና ሥራ ለአምስት የውስጥ አካላት ተከፋፍሏል። ሕልምና ምናብ የጉበት፣ ሥጋዊው ስሜትና ደመ ነፍስ የሳንባ፣ ሐሳብ የጣፊያ፣ ፈቃድና ጽናት የኩላሊት ድርሻ ናቸው፤ በላያቸው የሚነግሠው የልብ ሸን ነው። እዚህ ላይ ጉበት ሲባል ሥጋ ቤት የምናውቀው ጉበት ብቻ አይደለም። ከዓይን፣ ከጅማት፣ ከቁጣና ከፀደይ ወራት ጋር በአንድ የተቆራኘ የሥራ መስመር ነው። ይህን ሳይለዩ የቻይናን ሕክምና ከዘመናዊው የአካል ትምህርት ጋር አንድ ለአንድ የሚያመሳክሩ ሰዎች ሁለቱንም ያበላሻሉ።

ስሜት የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ሐኪሙ ቸን የን እ.ኤ.አ. በ1174 ባዘጋጀው መጽሐፍ የበሽታን መንሥኤ በሦስት ከፍሎ፣ ከውስጥ የሚነሣውን «ሰባቱ ስሜቶች» ብሎታል። እነርሱም ደስታ፣ ቁጣ፣ ጭንቀት፣ ማብሰልሰል፣ ሐዘን፣ ፍርሃትና ድንጋጤ ናቸው። ስሜት በራሱ በሽታ አይደለም፤ ሲበዛ፣ ሲከርም ወይም ድንገት ሲወርድ ነው የሚጎዳው። ጉዳቱም የሚደርሰው «ቺ» በሚሉት በሰውነት ውስጥ በሚዘዋወር ኃይል በኩል ነው። ቁጣ ቺን ወደ ላይ ይሰደዋል፤ ፊት ይቀላል፣ ራስ ይፈልጣል። ፍርሃት ወደ ታች ይጥለዋል፤ የፈራ ልጅ ሽንቱ የሚያመልጠው ለዚህ ነው ይላሉ። ሐዘን ያመነምነዋል፣ ድንጋጤ ያተራምሰዋል። ማብሰልሰል ደግሞ ይቋጥረዋል፤ ምግብን የሚያስተዳድረው ጣፊያ ስለሚታወክ ሐሳብ የያዘው ሰው እህል አይበላለትም። ደስታ ከዚህ ዝርዝር መግባቱ ለብዙዎቻችን እንግዳ ነው። ያለ ልክ የሆነ ፈንጠዝያ ቺን ያላላል፣ ልቡናም ይበተናል ባዮች ናቸው፤ ያለማቋረጥ የሚስቅና እንቅልፍ ያጣ ሰው ያየ ሐኪም ምን ለማለት እንደፈለጉ ይገባዋል።

እንቅልፍም የልቡና ጉዳይ ነው። ሌሊት ልቡና ወደ ልብ ተመልሶ በደም ውስጥ ያርፋል፤ ደም ሲያንስ ማደሪያ ያጣል፣ ሰውዬውም ይባንናል። በመርፌ የሚያክሙት በትንሿ ጣት በኩል ባለው የእጅ አንጓ ላይ «ሸንመን»፣ የልቡና በር፣ የሚሉት ነጥብ አላቸው።

ከሁሉ የሚገርመው ግን ስሜትን በስሜት ማከማቸው ነው። በኔይጂንግ ሐዘን ቁጣን፣ ፍርሃት ደስታን፣ ቁጣ ማብሰልሰልን፣ ደስታ ጭንቀትን፣ ማብሰልሰልም ፍርሃትን ይረታል። ይህን በተግባር ያዋለው ጃንግ ጾንግጄንግ (እ.ኤ.አ. 1156–1228) ነው። በሐሳብ ብዛት ሁለት ዓመት እንቅልፍ ያጣች ሴት መጣችለት። ከባሏ ጋር ተመካክሮ ብዙ ገንዘብ ተቀበለ፣ ለቀናት መጠጡን ሲጠጣ ሰነበተ፣ ከዚያ አንድም መድኃኒት ሳያዝ ሄደ። ሴትዮዋ በንዴት ነደደች፣ አላባት፣ በዚያው ሌሊትም እንቅልፍ ወሰዳት። ሌላዋ በማደሪያ ቤት ሳለች ሽፍቶች ሌሊት ጥቃት ካደረሱ ወዲህ ትንሽ ድምፅ በሰማች ቁጥር ራሷን የምትስት ነበረች። ጃንግ ፊት ለፊቷ ያለውን ጠረጴዛ በእንጨት መታ። ደነገጠች። እንጨት ጠረጴዛን ቢመታ ምን ያስፈራል ብሎ ደግሞ መታ፤ ቀጥሎ በሩን፣ ከኋላዋም መስኮቱን አስነካካ፣ ሌሊቱንም ሲያስንኳኳ አደረ። በመጨረሻ ነጎድጓድ ቢያጉረመርም አትባንንም ነበር። ዛሬ የሥነ ልቡና ባለሙያዎች በሽተኛን ከሚፈራው ነገር ጋር ጥቂት በጥቂት የሚያላምዱት በዚሁ መንገድ ነው፤ ከ700 ዓመት በላይ ቀድሟቸዋል።

ዘዴው ለሐኪሙም አያስተማምንም ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው ምእተ ዓመት የተጻፈው ሉሺ ቹንቺዩ እንደሚተርከው፣ ሐኪሙ ዌን ጅ ቺ የተባለ መንግሥትን ንጉሥ (ስሙ ከኃይሉ ቺ ጋር በድምፅ ብቻ ይመሳሰላል) ለማዳን ሆን ብሎ አስቆጣው፤ ጫማውን ሳያወልቅ አልጋው ላይ ወጣበት። ንጉሡ በቁጣ ተነሣ፣ ዳነም። ዌን ጅን ግን ከነነፍሱ በድስት አስቀቀለው።

ሸን በድሮ መጻሕፍት ብቻ አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ1774 ጃፓናውያን ሐኪሞች ከደች ቋንቋ አንድ የአካል ትምህርት መጽሐፍ ሲተረጉሙ ለነርቭ ቃል አጡ፤ ሸንን፣ ቺ ከሚያልፍበት መሥመር ስም ጋር አጋጥመው አዲስ ቃል ፈጠሩ። ቻይናውያንም በኋላ «ሸንጂንግ» ብለው ወሰዱት። ከዚህ ቃል «ሸንጂንግ ሽዋይሩዎ»፣ የነርቭ ድካም፣ የተባለ የበሽታ ስም ወጣ፤ በ20ኛው ምእተ ዓመት እንቅልፍ ያጣ፣ ራሱን የሚያመው፣ ድካም የማይለቀው ቻይናዊ ሁሉ የሚጠራበት ነበር። አሜሪካዊው የአእምሮ ሐኪም አርተር ክላይንማን እ.ኤ.አ. በ1980 ሁናን ክፍለ ሀገር ይህ ስም የተሰጣቸውን 100 በሽተኞች መረመረ፤ 87ቱ በአሜሪካ መለኪያ ከባድ የድባቴ ሕመም ነበረባቸው። ብዙ ምዕራባውያን ቻይናውያን ስሜታቸውን በአካል ሕመም ይሸፍናሉ ብለው ደመደሙ። እኔ በዚህ ሙሉ በሙሉ አልስማማም። የባህል አብዮት የተባለው የቻይና የፖለቲካ ዘመቻ ገና ማለፉ ነበርና የአእምሮ ሕመም የተሳሳተ የፖለቲካ አመለካከት ተብሎ የሚያስጠይቅበት ጊዜ ከትዝታ አልጠፋም፤ መሸፈን ቢኖር ምክንያት ነበረው። ከዚያም አልፎ ልቡናው በልብና በደም ውስጥ ለሚያድር ሰው ደረቴ ተጨነቀ፣ እንቅልፍ አጣሁ ማለት ስሜትን መደበቅ ሳይሆን ስሜቱ ያለበትን ቦታ መጠቆም ነው።

ሕክምናው ይሠራል ወይ? ኮክሬን የተባለው የሕክምና ማስረጃ መርማሪ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ለድባቴ በመርፌ ማከምን የሚመለከቱ 64 ጥናቶችን፣ ከ7000 በላይ ሰዎችን ያካተቱ፣ መርምሮ ነበር። መጠነኛ ጥቅም ሊኖረው ቢችልም የማስረጃው ጥራት ዝቅተኛ ነው አለ፤ ከማስመሰያ መርፌ ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ያንሳል። የድባቴ መድኃኒት የታዘዘለት ሰው ሐኪሙን ሳያማክር በዚህ መተካት የለበትም። ከመድኃኒቶቹም አንዱን ለይታችሁ እወቁት፤ «ጁሻ» የሚባለው ቀይ ማዕድን ልቡናን ያረጋጋል ተብሎ ለዘመናት በክኒን ሲቀመም ኖሯል። ጁሻ የሜርኩሪ ውሁድ ነው፤ ኩላሊትንና ነርቭን ሊመርዝ ይችላል። በእንቅልፍ ክኒን ላይ ይህን ስም ካያችሁ አትውሰዱት።