ወባና የመኸር ጉልበት

የደጋው ገበሬ ቆላን የሚፈራው ስለ ሙቀቱ ብቻ አልነበረም። በብዙ ስፍራ ቤቱን በደጋው አፋፍ ላይ ሠርቶ በቆላ ያለውን እርሻውን ቀን ወርዶ ያርሳል፤ ሲመሽም ተመልሶ ይወጣል፤ በቆላ ያደረን ሰው ንዳድ ይይዘዋልና። የወባ ትንኝ በሌሊት እንደምትነድፍ የሕክምና ጥበብ ከመግለጹ አስቀድሞ ልማዱ ራሱ መከላከያ ነበር። ይሁን እንጂ ይህ ጥንቃቄ ብዙ አስከፈለ፤ ለም መሬት ጦሙን አደረ፥ ደጋውም በሰው ብዛት ተጣበበ።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1958 ዓ.ም. ግን ደጋውም አላስጣለም። ከልክ ያለፈ ዝናብና ሙቀት በተከታተሉበት በዚያ ዓመት ወባው ከባሕር ወለል በላይ እስከ 2,150 ሜትር ድረስ ወጥቶ፥ ደዌውን እምብዛም የማያውቀውን ሕዝብ አገኘው። 3,000,000 ያህል ሰዎች እንደ ታመሙ፥ 150,000 ያህልም እንደ ሞቱ ተገምቷል። የሟቹ ቍጥር የሚያስደነግጥ ቢሆንም፥ ለኢኮኖሚ ታሪክ አብልጦ የሚናገረው ወሩ ነው። ደዌው ከሰኔ እስከ ታኅሣሥ ስለ ቈየ መኸሩን በመካከሉ አገኘው። ማጭድ የሚይዘው እጅ ጥቂት ሳምንታት ከተኛ የዓመቱ ድካም በማሳው ላይ ይረግፋል፤ ደቦም አይገኝም፥ ጎረቤቱ ሁሉ በአንድ ጊዜ ታሟልና።

በተከታዩ ዓመት የወባ ማጥፊያ አገልግሎት ተቋቋመ። ዲዲቲ በተረጨባቸው በአንዳንድ የቆላ ስፍራዎች ገበሬው ጎጆውን እዚያው ከእርሻው አጠገብ መቀለስ ጀመረ።