ከደመኛ ሸሽቶ ዳኛ ፊት

እኔ ባደግሁበት በደብረ ሲና አካባቢ ሰው የገደለ ሰው አገር ይለቅ ነበር። ከፖሊስ ይልቅ የሚፈራው የሟችን ወንድም ነውና፣ የይፋት ቆላ ሰው ከሆነ ጣርማ በርን ተሻግሮ ወደ ደጋው ይወጣል፤ ደገኛ ከሆነም ቁልቁል ወደ ሸዋ ሮቢት ይወርዳል። እሱ በሌለበት ሽማግሌ ይመላለሳል፣ ካሳ ይቆረጣል፣ ደም ይደርቃል። እስከዚያው ያስጠጋው ቤት ጥፋቱን አይመረምርም። የተጠጋን ሰው አሳልፎ መስጠት ነውር ነው፤ በቃ።

ዛሬ «ጥገኝነት» ሲባል ትዝ የሚለን ኤምባሲና ጠበቃ ነው እንጂ፣ ቃሉ ለእኛ መጀመሪያ ይህ ነበር። በጎንደር የዕጨጌ ቤት የሚባለው ሰፈር የታወቀ መማፀኛ ነበር፤ አክሱም ጽዮንም እንዲሁ። እርግጥ ክብሩ ሁልጊዜ አልተጠበቀም። የአፄ ቴዎድሮስ ጦር በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን ሲዘርፍ አብያተ ክርስቲያናቱም ተቃጥለዋል።

የይፋት ሙስሊሞች ደግሞ ከዚህ እጅግ የሚቀድም ታሪክ ያውቃሉ። የእስልምና ታሪክ እንደሚተርከው፣ በሰባተኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የነቢዩ ሙሐመድ ተከታዮች ከመካ ሸሽተው ወደ ሐበሻ ሲመጡ፣ ቁረይሾች «መልሱልን» የሚሉ መልእክተኞች ስጦታ አስይዘው ላኩ። ንጉሡ በስጦታው አልተደለለም። ስደተኞቹን አስቀርቦ ጠየቀ፤ ጃዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብ ስለ ሁሉም ተናገረ፤ ንጉሡም ግራ ቀኙን ሰምቶ ለስደተኞቹ ፈረደ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። እነዚያን ሰዎች ያሳደዳቸው ንጉሥ ወይም ባለሥልጣን አልነበረም። ያሳደዷቸው የገዛ ዘመዶቻቸውና ጎረቤቶቻቸው ናቸው።

የዘመኑ ሕግ ግን መነሻው ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1951 በጄኔቭ የተፈረመው የስደተኞች ስምምነት የናዚ መንግሥት ያሳደዳቸውን ሰዎች ዕጣ ባየ ትውልድ የተጻፈ ነው። ስለዚህም ስደተኛ የሚለው በዘሩ፣ በሃይማኖቱ፣ በዜግነቱ፣ በአንድ ማኅበራዊ ቡድን አባልነቱ ወይም በፖለቲካ አመለካከቱ ምክንያት መሳደድን የሚፈራን ሰው ነው። ዘራፊ፣ ደም መላሽ፣ ጠላፊ በዝርዝሩ የሉበትም። «ሊገድሉኝ ነው» ያለ አመልካች «ይህ ተራ ወንጀል ነው፤ ለአገርህ ፖሊስ አመልክት» ተብሎ ይመለሳል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው የይግባኝ ደጅ ነው።

ያ ደጅ አንዳንዴ ይከፈታል፣ አንዳንዴም ይዘጋል። እ.ኤ.አ. በ1985 የኤል ሳልቫዶር ባለታክሲ ታጣቂዎች እንደዛቱበት ለአሜሪካ የኢሚግሬሽን ይግባኝ ቦርድ አመለከተ። ቦርዱ ሥራ ሊለወጥ የሚችል ነገር ነው በማለት አልተቀበለውም። በ1993 ደግሞ የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ታጋቾችን በማስመለጡ የገዛ ቡድኑ ሞት የፈረደበትን የሰሜን አየርላንድ ታጣቂ ጉዳይ ሲያይ፣ አሳዳጁ የግድ መንግሥት መሆን የለበትም፤ መንግሥት ሊጠብቀው አለመቻሉ ይበቃል አለ። ይሁንና መንግሥት ዜጋውን እንደሚጠብቅ ይገመታል፤ አለመጠበቁን የሚያስረዳው ስደተኛው ነው። በ2000 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ የጌቶች ምክር ቤት ቆዳራስ ዘረኞች ያጠቁትን የስሎቫኪያ ሮማ ይግባኝ ውድቅ ያደረገው፣ የአገሩ ጥበቃ ይበቃል ብሎ ነው።

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ለተማሪዎቼ ታሪክንና ሴራን እለይላቸው ነበር። ታሪክ «ከዚያስ?» ለሚለው መልስ ነው፤ ሴራ ግን «ለምን?» ለሚለው። እነዚህ ችሎቶች የሚጠይቁት ሴራ ነው። ተበዳዩ ግን በእጁ ያለው ታሪኩ ብቻ ነው። ለምን እንደተመታ አጥርቶ የሚያውቀው ዱላውን የያዘው ሰው ነው።

ወደ እኛው ጉዳይ እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ2004 አንዲት ኢትዮጵያዊት እናት ልጇ እንዳትገረዝ ፈርታ ያቀረበችው ማመልከቻ በስር ዳኛውና በቦርዱ ውድቅ ከተደረገ በኋላ፣ በአሜሪካ የስድስተኛው ዙር የይግባኝ ፍርድ ቤት ለእናትም ለልጅም ፈረደ። የፈሩት መንግሥትን አልነበረም፤ የዘመድን ምላጭ እንጂ። በጊዜው በሥራ ላይ የነበረው የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕጋችን የሴት ልጅ ግርዛትን ለይቶ አያነሳም፤ ጠላፊም የጠለፋትን ልጅ ካገባ ከቅጣት ይድን ነበር። ይህን የለወጠው ከግንቦት 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ ነው። ሕጉ መልካም ነው። ግን ደግሞ የባዕድ አገር ዐቃቤ ሕግ «አገርሽ ሕግ አላት፤ ተመለሺ» ለማለት ሊጠቅሰው ይችላል።

ችሎቶቹ የሚጨምሩት ሌላ ጥያቄም አለ፤ «በሌላ የአገርህ ክፍል ለምን አትኖርም?» የሚል። በደመኛ ጉዳይ ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ጣርማ በርን መሻገር ማለት እኮ ይኸው ነው። ነገር ግን አጣዬ በ2013 ዓ.ም. ስትቃጠል ወደ ደብረ ብርሃን የሸሸው ሕዝብ የሸሸው ከአንድ ደመኛ አልነበረም። ሽማግሌ ልኮ የሚያስታርቀው የሟች ወንድም በሌለበት፣ ደሙ እስኪደርቅ ስንት ዓመት ይጠበቃል?

ለዚህ ዓይነቱ ፍርሃት ሰፋ ያለ ሕግ የተፈረመው በአዲስ አበባ ነው፤ ያውም በዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ ጳጉሜ 5 ቀን 1961 ዓ.ም.። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የስደተኞች ስምምነት የሕዝብን ፀጥታ ክፉኛ ከሚያናጋ ሁኔታ የሸሸንም ሰው ስደተኛ ይለዋል። ኢትዮጵያም በ1996ና በ2011 ባወጣቻቸው የስደተኞች አዋጆች ተቀብላዋለች። ጋምቤላ የገባው ደቡብ ሱዳናዊ በዚህ ይጠለላል። ለንደን የገባው የአገራችን ልጅ ግን አዲስ አበባ የተፈረመውን ስምምነት ሊጠቅስ አይችልም፤ ያ ስምምነት የሚሠራው በአፍሪካ ነው።

እንግዲህ የባዕዱ ዳኛ ዞሮ ዞሮ የሚመረምረው እኛን ነው። ቀጫጭን ማስረጃዎችን እየገለበጠ የሚጠይቀው፣ አንዲት ልጅ በወረዳችን ፖሊስ ጣቢያ ገብታ «ሊጠልፉኝ ነው» ብትል ምን ትባላለች የሚለውን ነው። «ሂጂና ወላጆችሽን ላኪ» ትባላለች? ወይስ መዝገብ ይከፈትላታል? መልሱን ከእሱ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ።